ያሳበደው ጫቱ ነው ወይስ መጀመሪያውኑ አሞት ነበር?

ባህር ዳር ላይ አንድ ልጅ ሲታመም፣ ማለቴ ብቻውን ማውራት ሲጀምር ወይ ከክፍሌ አልወጣም ሲል ወይ እናቱ ያቀረበችለትን ምግብ "የሆነ ነገር አድርጋችሁበታል" ብሎ ሲመልስ፣ ሰፈሩ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ "ጫቱ ነው፣ እኔ ድሮም ብዬ ነበር" ይላል። ሌላው ደግሞ "ኧረ ልጁ ድሮም ዝምተኛ ነበር፣ የሆነ ነገር ለክፎታል፣ ጠበል ይግባ" ይላል። ለቅሶ ቤትም ሆነ ቡና ላይ ክርክሩ ያው ነው፣ አሸንፎ የሚነሳም የለም። እኔ የሚመስለኝ ግን ጥያቄው ራሱ ነው የሚያሳስተን፣ ምክንያቱም የትኛውንም ወገን ይዛችሁ ብትከራከሩ ልጁ መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ግማሽ ህክምና ነው። "ጫቱ ነው" ያለ ቤተሰብ ልጁን ቤት ቆልፎበት ጫት ይከለክለውና ህመሙን ይረሳዋል። "ህመም ነው" ያለው ደግሞ መድኃኒት ያስጀምረውና ከሰዓት በኋላ የት እንደሚውል አይጠይቀውም።

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ወገን የያዘው ነገር አለ። አንዳንዱ ሰው ቀድሞ ነው የሚታመመው፣ ድባቴው ወይ ጭንቀቱ ወይ ያየው ክፉ ነገር እንቅልፍ ይነሳዋል፣ ሐኪም ቤት መሄድ ደግሞ ለሱ "አበደ" መባል ነው፣ ስለዚህ ቅርብ ያለውን ይወስዳል፣ ጠጥቶ ይተኛል ቅሞ ይነቃል፣ በራሱ መንገድ ራሱን እያከመ ነው ማለት ነው። ሌላው ምንም ሳይኖርበት በጓደኛ ጀምሮ መጠኑ እየጨመረ እየጨመረ ሄዶ አንድ ቀን ጎረቤቱ ስለሱ ሲያወራ መስማት ይጀምራል፣ ጎረቤቱ ግን ቤቱም የለም። ብዙ ጊዜ የምንረሳው ደግሞ ሁለቱም ከአንድ ቦታ የሚመጡበት ጊዜ አለ፣ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት፣ በልጅነት የደረሰ ድብደባና ጥቃት፣ ድህነት፣ ሥራ ማጣት እነዚህ ሁሉ ለሱስም ለአእምሮ ህመምም በር ይከፍታሉ። ከዓመታት በኋላ የትኛው ቀደመ የሚለውን መለየት ለሐኪሙም ራስ ምታት ነው። አንዴ ከተያያዙ ደግሞ አንዱ ሌላውን እያባሰ ስለሚሄድ የቀደመውን ማወቁ ብቻ ብዙም አያድንም።

እድሜውን ማየትም ጥሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የአእምሮ ህመሞች ግማሽ ያህሉ 14 ዓመት ሳይሞላ ነው የሚጀምሩት፣ ሦስት አራተኛው ደግሞ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ። ከ14 እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ያለው ማለት እኮ ልጁ ሃይስኩል ጨርሶ የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ፖሊ ወይ ፔዳ የሚገባበት፣ ከቤተሰብ ርቆ ዶርም የሚያድርበት፣ ጫቱንም ቢራውንም ሺሻውንም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክርበት እድሜ ነው። ስኪዞፍሬኒያም (የሌለ ድምፅ የሚያሰማውና የሚያስጠረጥረው ህመም) ባይፖላርም (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ህመም) ብዙ ጊዜ የሚገለጡት በዚሁ ሰሞን ነው። እና ሁለቱ አንድ ሰሞን ቢከሰቱ አንዱ ሌላውን አመጣው ብሎ ለመደምደም መቸኮል አያስፈልግም፣ ግን ህመሙ ሊመጣ አፋፍ ላይ ለነበረ ልጅ ጫትና ጋንጃ ገፍተው ሊጥሉት እንደሚችሉ ደግሞ መካድ አይቻልም።

እኔ ግን የሁለቱ ማሰሪያ የቱ ጋ ነው ብትሉኝ እንቅልፍ ነው እላለሁ። ይሄን ለማየት የአንድ ሰው አንድ ቀን በቂ ነው።

አንድ የማውቀው የባጃጅ ሹፌር አለ፣ ስሙ ይቅር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስታገኙት ሌላ ሰው ነው፣ ሰላምታ ይከብደዋል፣ ደንበኛ "ጊዮርጊስ አደባባይ" ሲለው ጭንቅላቱን ብቻ ነቅንቆ ይነዳል፣ ቁርስ አይበላም፣ በጥቃቅኑ ነገር ይነጫነጫል፣ ትራፊክ ፖሊስ ካስቆመው ቀኑ አበቃ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ያዛጋል፣ አይኑ ያለቅሳል፣ ሀራራው፣ የጫት ጥማቱ፣ መጣ ማለት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ በርጫ ይቀመጣል። ያኔ ልታዩት ይገባል፣ እስሩን ፈትቶ ለስላሳውን ቀንበጥ በሁለት ጣቱ እየለየ፣ ጠንከር ያለውን ገራባ ብሎ ወደ ጎን እየጣለ፣ ለውዙን ከፊቱ አድርጎ፣ መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ማንም አያወራም። ከዛ ቀስ እያለ ወሬው ይመጣል። አስር ሰዓት ላይ ባጃጁን ሸጦ ሚኒባስ ሊገዛ ነው፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሚኒባሱ ሁለት ሆኗል፣ የተጣላው ወንድሙን ሊታረቀው ወስኗል፣ እንግሊዝኛ ሊማር ነው። በምርቃና ያልተሠራ ፎቅ የለም እንደሚባለው። ማታ እስከ ሦስት ሰዓት በደንብ ይሠራል፣ ከዛ ግን ምርቃናው አልለቅ ብሎ ልቡ ይመታል፣ ዝም ብሎ ይጨንቀዋል፣ ስለዚህ ጨብሲ ያስፈልጋል፣ ሁለት ሦስት ጃምቦ፣ ብር ከጠፋ አንድ ሁለት መለኪያ አረቄ። ቤቱ ገብቶ ይጋደማል፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጣሪያ ያያል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንደገና ያው ሰውዬ። "ሳልቅም ሰው አይደለሁም" ይላችኋል፣ እውነቱን ነው።

እዚህ ውስጥ ምን እየሆነ ነው ብንል፣ ጫት ውስጥ ያለው ዋናው ነገር ካቲኖን ይባላል፣ ሥራው አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ነገር ጋር ተቀራራቢ ነው፣ አእምሮ ውስጥ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉትን ኬሚካሎች ከተቀመጡበት ያስለቅቃቸዋል። ንቃቱም፣ ወሬውም፣ "ሁሉንም እችላለሁ" ማለቱም፣ ምግብ መዝጋቱም፣ የልብ ምቱም ከዚያ ነው። ግን የተለቀቀው ሲያልቅ ደግሞ ባዶነቱ አለ፣ ድካሙ፣ ቁጡነቱ፣ ተስፋ መቁረጡ፣ ምንም ነገር አለመጣሙ። ይሄ የጠዋቱ ስሜት ከድባቴ ጋር ቁጭ አንድ ነው። ጠዋት ላይ ሐኪም ቤት ወስዳችሁት "እንቅልፍህ እንዴት ነው፣ ምግብ ትበላለህ ወይ፣ ደስታ ይሰማሃል ወይ" ተብሎ ቢጠየቅ በሁሉም ጥያቄ ድባቴ አለበት ይባላል። ሊኖርበትም ይችላል። ላይኖርበትም ይችላል። ለዚህ ነው ጎበዝ ባለሙያ መጀመሪያ የምትቅመው ምን ያህል ነው ብሎ የሚጠይቀው፣ ጫቱ ቆሞ ሳምንታት አልፈውም ስሜቱ ካልለቀቀ ራሱን የቻለ ህመም ነው ብሎ ለማሰብ የሚያበቃ ነገር ተገኘ ማለት ነው።

መጠጡ ደግሞ ያስተኛል ተብሎ ነው የሚጠጣው፣ ቶሎ ያስተኛል አዎ፣ ግን የሌሊቱን ሁለተኛ ግማሽ ይበጠብጠዋል፣ ሰውየው ይነቃል፣ ላብ ላብ ይለዋል፣ ህልሙ ይረብሸዋል፣ እንቅልፉ ያላረፈ እንቅልፍ ነው። ስለዚህ ነገ ጠዋት ድካሙ በጫት ውድቀት ላይ የእንቅልፍ እጦት ተጨምሮበት ነው የሚመጣው፣ መፍትሄው ደግሞ ያው ጫት ነው። ይሄ ለአንድ ሳምንት ሳይሆን ለአምስት ዓመት ሲቀጥል አስቡት። ባይፖላር ያለበት ሰው ጥቂት ሌሊት እንቅልፍ ማጣቱ ብቻ ወደ ከፍተኛው ስሜት ሊያስወነጭፈው ይችላል፣ ሰው ይከታተለኛል የሚል ጥርጣሬ የጀመረው ሰው ደግሞ እንቅልፍ ባጣ ቁጥር ጥርጣሬው ይከርራል። በጫት ብቻ የመጣ ጥርጣሬና ድምፅ መስማት አብዛኛውን ጊዜ ጫቱ ሲቆም በቀናት ወይ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ካልለቀቀ ወይ ሳይቅም ተመልሶ ከመጣ ግን ሥር ያለው ህመም ሊኖር ይችላል ማለት ነው፣ ያን ጊዜ ጫት ብቻ ማስተው አይበቃም።

ሌላው ነገር ዱካክ ነው። የለመደ ሰው አንድ ቀን ሳይቅም ሲያድር ሌሊት የሚመጣበት ከባድ ቅዠት፣ ደረት ላይ የሆነ ነገር የተቀመጠ እስኪመስል የሚያስጨንቅ። አስቡት እንግዲህ፣ አንድ ወጣት ሌሊት ጮኾ ሲነሳ ጓደኞቹ "ዱካክ ነው፣ ነገ ስትቅም ይለቅሃል" ይሉታል፣ አያቱ "ክፉ መንፈስ ነው" ትላለች፣ ግንባር የነበረ ልጅ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ የጦርነት ጠባሳ ነው ሊል ይችላል። ሦስቱም ያዩት አንድ ሌሊት ነው። ደግሞ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፣ ዱካክ ያለበት ሰው ጠባሳ አይኖርበትም ያለው ማነው?

ባህር ዳርን ከሌላው ከተማ ለየት የሚያደርጋት ደግሞ ጫቱ ከሩቅ አለመምጣቱ ነው። ካቲኖን ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ነው የሚበላሸው፣ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ደካማው ካቲን ይቀየራል፣ ጫት በቅጠል ተጠቅልሎ መኪና እንደ እብድ የሚነዳበት ምክንያት ይሄው ነው። እኛ ጋ ግን ጣና ዳር፣ ባህር ዳር ዙሪያ ወረዳ ሮቢት ባታና ወንጀጣ አካባቢ፣ ገበሬው ጓሮ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ እየሳበ በመስኖ ያመርተዋል፣ ጠዋት የተቀነጠበው ከሰዓት ባህር ዳር በርጫ ላይ ነው። ሮቢት ብትሄዱ ጫቱና ጌሾው አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የሚጠጣው ውሃውን፣ የቀኑም የማታውም ሱስ ከአንድ ጉድጓድ ማለት ነው። እና ገበሬውን "ለምን ጤፍ አትዘራም" ብሎ መስደብ ቀላል ነው፣ ለሱ ግን በዓመት ደጋግሞ የሚቆረጥ፣ በጥሬ ብር የሚሸጥ፣ ቆርቆሮ ያለበሰውና ልጁን ያስተማረለት ተክል ነው። ያው ልጅ ዶርም ገብቶ የአባቱን ጫት ዋጋ ከፍሎ ሲገዛ ማየት ግን ያስቃልም ያሳዝናልም።

ቁጥር ከተፈለገ እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ ከወንዶች 27 በመቶ፣ ከሴቶች 12 በመቶ ጫት ቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። "ተናግረዋል" የሚለው ላይ ቁም፣ ሴት ልጅ እቅማለሁ ብላ ቤት ለመጣ ጠያቂ መናገሯ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ አካባቢ ደግሞ ጫት ለረጅም ጊዜ የሙስሊሙ ነገር ተደርጎ ስለሚታይና ቤተክርስቲያንም ስለምታወግዘው ክርስቲያን ቤት ያደገ ልጅ ሲጀምር ተደብቆ ነው የሚጀምረው፣ ሲታመምም ተደብቆ ነው የሚታመመው፣ ምክንያቱም ህመሙን ለመናገር ሱሱን መናገር አለበት።

መጠጥ ግን እንደዛ አይደለም። መጠጥ እኛ ጋ የተከበረ ነው። ማኅበሩ በጠላ ነው፣ ዝክሩ በጠላ ነው፣ እርቁ በአረቄ ይታሰራል፣ "አንድ ቅመሽ እንጂ" የማይባልበት ቤት የለም። ስለዚህ ጫት የሚቅም ልጅ ገና በሁለተኛው ወር "ሱሰኛ" ሲባል፣ ጠዋት ጠዋት እጁ እየተንቀጠቀጠ አንድ መለኪያ ካልወሰደ ቁልፍ መቆለፍ የማይችል አባወራ "ጋሼ ትንሽ ይወዳሉ" ይባላል። እኔ በግሌ ከጫቱ ይልቅ አረቄው ያስፈራኛል፣ ሰው አይወድልኝም ግን እንደዛ ነው። መጠጥ ለጊዜው ጭንቀት ያበርዳል፣ ሲቆይ ግን ራሱ ድባቴ ያመጣል፣ ራስን የማጥፋት ሀሳብ ያለበትን ሰው ደግሞ ፍርሃቱንና ማመዛዘኑን አንስቶ ወደ ድርጊት ያቀርበዋል። አረቄ አውጥተው በሚሸጡ ቤቶች ያሉ እናቶችም አሉ፣ ሲቀምሱ ሲያስቀምሱ ቀን ከሌት እዛው ጭስ ውስጥ፣ እነሱን ማንም ቆጥሯቸው አያውቅም።

ያለፉትን ዓመታት ሳንጨምር ደግሞ ነገሩ አይሞላም። ከ2013 ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነት፣ እሱ በረድ ሲል ከነሐሴ 2015 ወዲህ ክልሉ ውስጥ ያለው ግጭት፣ ሰዓት እላፊው፣ ለወራት የጠፋው ኢንተርኔት፣ የተዘጋው መንገድ። ጀልባ ይዞ ቱሪስት ወደ ክብራን ገብርኤልና ዘጌ ገዳማት ሲያመላልስ የነበረ ልጅ ጀልባውን አስሮ ዳር ላይ ተቀምጧል፣ አስጎብኚው፣ የሆቴሉ አስተናጋጅ፣ ምስል ሻጩ ሁሉም ያው። ሥራ የሌለው ሰው ቀኑ ረጅም ነው፣ በርጫ ደግሞ ቀን ያሳጥራል። ወንድሙን የቀበረ፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣ፣ ተኩስ በሰማ ቁጥር ልቡ የሚዘል ሰው በዚህ መሀል አለ፣ እንቅልፍ አጥቶ ጠጪ የሆነውን ሰው "ስድ ሆነ" ከማለት በፊት ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ከአውቶቡስ መናኸሪያ አካባቢ ማስቲሽ በፕላስቲክ ይዘው የሚዞሩትን ልጆችም እዚሁ ላይ መጨመር ነው፣ ለነሱ ማስቲሹ ራትም ብርድ ልብስም ነው፣ አእምሯቸውን ግን ገና ሳያድግ እየበላው ነው።

ተማሪዎቹ ጋ ያለው ሌላ ዓይነት ነው። ፈተና ሲደርስ "ለሪድ ነው" ብሎ የጀመረ ልጅ ስንቱ ነው? ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ማንበቡ እውነት ነው፣ ግን ያነበበው ነገር ጭንቅላት ውስጥ የሚቀመጠው ሲተኛ ነው፣ እሱ ደግሞ አልተኛም። ፋርማሲ ያለ ወረቀት የሚሸጠው ትራማዶል (የህመም ማስታገሻው) እና ዲያዚፓምም (የሚያረጋጋው ክኒን) ገብቷል አሁን። ትራማዶል በብዛት ሲወሰድ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል፣ እንደ ፍሉክሰቲን ካሉ የድባቴ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ ደግሞ አደጋው ይብሳል፣ እና ድባቴ ይዞት መድኃኒት የጀመረ ልጅ ጓደኛው የሰጠውን ክኒን ደርቦ ሲውጥ ምን እየሠራ እንደሆነ አያውቀውም።

የሚገርመኝ ጎጃም ውስጥ ሱስና አእምሮ መገናኘታቸውን ያገሬ ሰው ድሮም ያውቀዋል። አብሾ የሚባለው ነገር አለ አይደል፣ የቆሎ ተማሪ ትምህርት እንዲገባው ብሎ የሚጠጣው፣ ከዛ ሰውዬው አድጎ አረቄ ሲቀምስ "አብሾው ተነሳበት" ይባላል፣ ይጮሃል ይማታል። አብሾው ይሠራበታል የሚባለው አስተናግር የሚባል ተክል በእርግጥም ሰው የሌለ ነገር እንዲያይ የሚያደርግ መርዛማ ተክል ነው፣ ይሄ የተረጋገጠ ነው፣ ከዓመታት በኋላ በአረቄ ይነሳል የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሰውየውን የሚያናውጠው እዚያው ፊቱ ያለው አረቄ ሳይሆን አይቀርም። ምንም ይሁን ምን ግን ህዝቡ "አንዱ አንዱን ይቀሰቅሳል" የሚለውን ሀሳብ አባቶቹ ጋ ያገኘዋል፣ ለማስረዳት ከፈረንጅ መጽሐፍ መጀመር የለብንም።

ጠበሉ ጋ ግን ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። ጠበል መሄድን አልቃወምም፣ ቤተሰብ አብሮት የሚቆይበት፣ ከበርጫ ጓደኞቹ የሚርቅበት፣ በጊዜ የሚተኛበትና የሚነሳበት ቦታ ነው፣ ይሄ ብቻውን ስንቱን ረድቷል። ችግሩ ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የነበረን ሰው ድንገት ከመጠጥ መነጠል ነው። እንዲህ ያለ ሰው ባቆመ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ አንዳንዱ ይጥለዋል፣ አንዳንዱ ግድግዳ ላይ የሚርመሰመስ ነገር ያያል፣ ይጮሃል፣ ሊሞትም ይችላል። ጠበል ቦታ ላይ ይሄ ሲታይ "ጋኔኑ እየለፈለፈ ነው" ተብሎ ውሃው ሊጨመርበት፣ ሊታሰርም ይችላል፣ ያ ሰው ግን በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው ሐኪም ነው፣ ዲያዚፓምና ፈሳሽ፣ ቫይታሚን ቢ ዋን። ጫት ማቆም እንደዛ አይገድልም፣ አረቄ ማቆም ግን ሊገድል ይችላል፣ ይሄን ልዩነት የማያውቅ ብዙ ሰው ነው። ለአእምሮ ህመም የታዘዘ መድኃኒትን ጠበል ስለገቡ ማቆምም ሌላው ነው። በኤችአይቪ መድኃኒት ጊዜ ይሄው ክርክር ነበር፣ የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንም ጠበሉንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው ተናግረው ብዙ ሰው ተርፏል። ለአእምሮ መድኃኒትም ያ ቃል በየደብሩ ደጋግሞ ቢነገር ምን ነበረበት።

ሆስፒታሉስ ከተባለ፣ ባህር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ጊዮንም አሉ፣ ከድሮው ጋር ሲነጻጸር ሰው ለአእምሮ ህመም የግድ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ድረስ አዲስ አበባ መሄድ የለበትም። የሱስ ማገገሚያ ሲባል ግን አሁንም ብዙው ነገር አዲስ አበባና ዙሪያዋ ነው። የባለሙያው ቁጥር ከህዝቡ ጋር አይመጣጠንም፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ለአንድ ታካሚ የሚሰጠው ደቂቃ አጭር ነው። በዛች ደቂቃ ውስጥ የሚሆነው ምንድነው፣ አንዱ ጋ ሲሄድ "መጀመሪያ ሱሱን ተውና ና" ይባላል፣ ሱሱን ሊያስተው የሚችል ጋ ሲሄድ "ይሄ የአእምሮ ህመም ነው፣ ስፔሻሊስት ጋ ሂድ" ይባላል፣ እየተንከራተተ ቀጠሮው ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የአእምሮ ጤናን፣ የሚጥል በሽታንና ሱስን አንድ ላይ አድርጎ ጠቅላላ ሐኪሙና ጤና ጣቢያው እንዲያክማቸው የሚያሰለጥን ፕሮግራም የጀመረው ለዚህ ነው፣ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ካርድ ላይ፣ በአንድ ባለሙያ ማየት። ወረቀቱ ላይ ያለው ወረዳ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ምን ይመስላል የሚለው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

መድኃኒቱና ጫቱ ደግሞ ገመድ ጉተታ ላይ ናቸው። ድምፅ ለሚሰማ ሰው የሚሰጡት እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች ሥራቸው ዶፓሚንን መቀበያው ላይ መዝጋት ነው፣ ጫት ደግሞ ያንኑ ዶፓሚን ይረጨዋል። ስለዚህ ጠዋት መድኃኒት ውጦ ከሰዓት የሚቅም ሰው "መድኃኒቱ አልሠራልኝም" ይላል፣ ዶዙ ይጨመርለታል፣ ዶዙ ሲጨመር ሰውነቱ ይደነዝዛል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ሲደነዝዝ ለመንቃት ይቅማል። ይሄን ዙር ያየ ሐኪም ካልሆነ በቀር ማን ይፈታዋል። ደግሞ ታካሚውን "ውሸታም ነህ፣ ትቅማለህ" ብሎ ከማዋረድ መድኃኒቱ ያፈዘዋል ወይ ብሎ መጠየቅ ይሻላል፣ የማያፈዝ መቀየር ይቻላልና።

ሕጉስ? ጫት እኛ ሀገር ሕጋዊ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980 ሱስ ሊያስይዙ ከሚችሉ ነገሮች ተርታ ቢያስቀምጠውም። መጠጥ ላይ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወጥቶ ከ21 ዓመት በታች እንዳይሸጥ፣ በሬዲዮና ቴሌቪዥን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት እንዳይተዋወቅ ተደርጓል፣ ቢራ ፋብሪካዎች ኳሱንም ዘፈኑንም ስፖንሰር ሲያደርጉ ለነበሩበት ጊዜ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ግሮሰሪ ውስጥ መታወቂያ አሳየኝ የሚል አስተናጋጅ ካያችሁ ንገሩኝ። በየጊዜው ደግሞ ሺሻ ቤት ታሸገ፣ ዕቃው ተቃጠለ የሚል ዜና እንሰማለን፣ ፎቶው ያምራል፣ የሚቅመው ልጅ ግን በማግስቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በሩን ዘግቶ ነው የሚቀመጠው፣ ቢያመው እንኳ የሚያየው የለም። በርጫ ላይ ሆኖ እንኳ "ዛሬ አላማርከኝም" የሚለው ጓደኛ ነበረው። እኔ ማሸጉን ብቻውን መፍትሄ ነው ብዬ አላምንም። "ጫት ባህል ነው፣ ምን አለበት" የሚለውንም አልቀበልም፣ በሳምንት አንዴ ለዱዓ የሚቅም ሽማግሌና በቀን ሁለቴ እየቃመ ማታ የሚጨብስ የሃያ ዓመት ልጅ አንድ ነገር እያደረጉ አይደለም።

ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ሐኪም ጋ ስትወስዱት የሚጠቅመው ነገር ቀላል ነው። መቼ ነው መቃም ወይ መጠጣት የጀመረው፣ እንግዳው ባህሪ የመጣው ከዛ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ለጥቂት ሳምንታት ትቶ ያውቃል ወይ፣ በተወበት ጊዜ ምልክቶቹ ቀርተውለት ነበር ወይስ አልነበረም፣ በስንት ሰዓት ይተኛል፣ ምን ምን ክኒን ይወስዳል፣ ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ ሌላ ሰው አለ ወይ። እነዚህን ጽፋችሁ ያዙ፣ እዛ ስትደርሱ ይጠፋችኋል። በየቀኑ የሚጠጣ ከሆነ በራሳችሁ ቤት ቆልፋችሁ አታስቁሙት፣ መጀመሪያ አማክሩ። ራሴን አጠፋለሁ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው፣ "ሲሰክር ነው እንዲህ የሚለው" ማለት አይሠራም፣ ሲሰክር ነው የሚያደርገውም። ጫቱን ገና ካልተወ ደግሞ መድኃኒቱን እምቢ እንዲል አታድርጉት፣ እየቃመ እንደሆነ ለሐኪሙ ይናገር፣ ያ ከመዋሸትም ከመቅረትም ይሻላል። ቀጠሮው ጠዋት ከሆነ ደግሞ፣ የሚቅም ሰው ጠዋት ሌላ ከሰዓት ሌላ ስለሆነ፣ ከሰዓትና ማታ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው አብሮት ይግባ።